ሞተር ይፎክራል፣ ካምቢዮ ይዘምታል

ሥራ ያቆምኩት በጡረታ ደብዳቤ አይደለም። የግል ጋራዥ ውስጥ ያረጀን ሰው በደብዳቤ የሚያሰናብተው የለም። ያቆምኩት አምና ክረምት ሊገባ ሲል ነው። አንድ የቆየ ደንበኛዬ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣና «ዘኑ፣ ካምቢዮዋን እስቲ እዪልኝ፤ ድምፅ አምጥታለች» አለኝ። ከሥሯ ገባሁ። እኔ የማውቀው ዓይነት ካምቢዮ የላትም። በታሸገ ሳጥን ውስጥ ጥቂት ጥርሶች አሏት እንጂ የሚቀያየር ማርሽ የለም፣ ፍሪሲዮን የሚባል ነገርም አልተሠራላትም። ድምፁ የጎማ ነበር። ሰውየውን ወደ ጎሚስታ ሸኘሁና ቱታዬን አወለቅኩ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከመኪና ሥር ስነሳ ጉልበቴ ከመኪናዋ በላይ ይጮሃል። ማቆሚያ ምክንያት ስፈልግ ከርሜ ነበርና ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ብዕር ያስያዘኝ ግን እሱ አይደለም። በዚያው ሳምንት ዕቃዬን ስሰበስብ ናታን የሚባል ወጣት መጣ። ባንክ ነው የሚሠራው። በትንሿ የቤት መኪናው ሞተር ላይ ቱርቦ አስገጥሟል፤ ቱርቦ ማለት ሞተሩ ውስጥ አየር በግድ እየጠቀጠቀ ጉልበቱን የሚያበዛ መሣሪያ ነው። ፊቱ ለደስታው አልበቃ ብሎታል።

«ማዘር፣ ሞተሩ አብዷል በቃ! ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ስረግጠው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጠንካራውን አስገቢልኝና እንገላገል።»

«አላስገባም» አልኩት።

«እንዴ! ለምን?»

ለምን እንደሆነ በሁለት ቃል ልነግረው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። «ሴትዮዋ አርጅታለች» ብሎ ሳያስብ አልቀረም፤ በትሕትና አመስግኖኝ ሄደ። መልሱ ረጅም ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

መካኒክ ላልሆነ አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። ሞተር ጉልበት ያወጣል። ካምቢዮ ያንን ጉልበት ተቀብሎ ዳገት ላይ አብዝቶ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ወደ ፍጥነት ለውጦ ለጎማ ያስረክባል። ፍሪሲዮን በሁለቱ መካከል የቆመ አገናኝ ነው፤ በግራ እግር ሲረግጡት ያላቅቃቸዋል፣ ሲለቁት ያጋጥማቸዋል። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ሞተርን ነው፣ ስለሚጮህ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ዝም ከሚለው ጋር ነው፤ አልቆጨኝም።

የተወለድኩት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን መርገጫው፣ ክሩና መወርወሪያው አንዱ ሌላውን ሳይቀድም በየተራው ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግሁት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ስገባም የገረመው ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ስጨርስ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተመደብኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን «ዘይት የነካው እጅ ይዛ ማን ያገባታል» ብለው አዘኑልኝና የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ አስቀመጡኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የኩሽኔታ ቁጥር ስጽፍ ኖርኩ። ኩሽኔታ ዘንግ የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት ነው፤ አንድም ሲሽከረከር ሳላይ የሁሉንም ቁጥር በቃሌ ያዝኩ። ደሞዙን አላማርርም፤ ወር ሳይሞላ ያልቅ ነበር፣ የማን አያልቅም። በነገራችን ላይ ዘይት በነካው እጄ አግብቻለሁ።

ጋሽ ቱፋን ያገኘኋቸው በአባቴ ደጅ ነው። ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታ የመጡ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ካምቢዮ ብቻ የሚሠራ ጋራዥ አላቸው። በየወሩ እየመጡ ከአባቴ ነጭ የሸማ ቁራጭ ይገዛሉ፤ ያውም ጥለት የሌለውን፣ ንጹሑን። አንድ ቀን አባቴ ለምን እንደሚፈልጉት ጠየቃቸው።

«ዘይት ላፈስበት ነው» አሉ።

አባቴ ከጉድጓዱ ሊወጣ ምንም አልቀረው። «እኔ ዓይኔን አጥፍቼ የሸመንኩት ላይ? ዘይት?»

«አይቆጡ ጌታዬ። የካምቢዮ ዘይት በጥቁር ጨርቅ ላይ አይነበብም።»

«አይነበብም» የምትለው ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ጋራዣቸው ሄጄ ቆምኩ። ከአንድ አሮጌ ካምቢዮ ዘይት ቀድተው ነጩ ሸማ ላይ አፈሰሱት፤ ዘይቱ ሰርጎ ሲያልቅ ላዩ ላይ ብናኝ ቀረ። ወደ ብርሃን ወስደው ያዘነብሉታል፣ ያሸቱታል፣ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። ወርቅ የመሰለ ብናኝ ካለ ማርሽ ሲቀየር የሚያለዝቡት የነሐስ ቀለበቶች እየተበሉ ነው። ብር የመሰለ ከሆነ ጥርሱ ወይም ኩሽኔታው ነው። የተቃጠለ ከሸተተ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። ያን ቀን ወርቁ በዝቶ ነበር።

«ይህ ሹፌር ሰሞኑን ከሚስቱ ጋር ሰላም የለውም» አሉኝ። «ማርሹን እየቀየረው አይደለም፣ እየደበደበው ነው።»

በወሩ የመንግሥት ሥራዬን ለቅቄ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። የአለቃዬን ፊት አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ መርዶ የሰሙ ነበር የሚመስሉት።

ስለ ጋሽ ቱፋ ሳወራ አላቆምም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ሌላው መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው። ጋሽ ቱፋ የሚታጠቡት ካምቢዮ ሊፈቱ ሲሉ ነበር፤ እስከ ክርናቸው በሳሙና፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ኩሽኔታ ውስጥ ከገባች የወር ሥራ ገደል እንደሚገባ ያውቃሉ። ካምቢዮ ተከፍቶ ሳለ ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነበር፤ ሬዲዮም ይዘጋል። ከሰው ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ የማርሽ ጥርስ ሲቆጥሩ ግን በእናታቸው ቋንቋ ነበር፣ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር...» እያሉ። «በአማርኛ ስቆጥር እሳሳታለሁ» ይላሉ። እኔም እስከ መጨረሻው ቀን ጥርስ የቆጠርኩት በኦሮምኛ ነው፤ ከቁጥር በቀር ሌላ ብዙም አላውቅም።

አንድ ጊዜ ደግሞ በጣም አፍረው «ዘነበች፣ ሊፕስቲክ ይኖርሻል?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ሰጠኋቸው። ከጥርሶቹ ላይ ስስ አድርገው ቀቡና ማርሹን በእጃቸው አዞሩት። ቀዩ ቀለም ወደተጋጠመው ጥርስ ሲተላለፍ ሁለቱ ምን ላይ እንደሚነካኩ ታየ። ነክቶ የታየው መሐሉ ላይ ከሆነ ደግ ነው። ወደ ጠርዙ ከሸሸ ዘንጉ ተጣሟል ወይም ሳጥኑ ላልቷል፤ ያ ጥርስ ሸክም ሲመጣበት በጠርዙ ብቻ ይሸከማል፣ ይሰበራል። ከዚያ ወዲህ ሊፕስቲክ የምገዛው ሁለት ሁለት ነበር፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለካምቢዮ። የካምቢዮው ቶሎ ያልቅ ነበር።

በእሳቸው ዘመን ሰው ሁሉ ሞተር ማሳደግ ይዞት ነበር። ትልቅ ሞተር ከሌላ መኪና ያወርዳል፣ ትንሿ ላይ ይጭናል፣ ከዚያ ወደ ጋሽ ቱፋ ይመጣል። «ሞተሬ ይህን ያህል ጉልበት አለው» እያለ ሲኮራ እሳቸው አይሰሙትም። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ስንት ሰው ትጭናለህ? የት ትወጣለህ?» ቦሌ ሜዳ ላይ ዓሥር ዓመት የሚያገለግል ካምቢዮ እኛ ሰፈር ወር አይሞላውም። ሙሉ ሰው የጫነች መኪና የእንጦጦን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ስትነሳ የሞተሩ ጉልበት ካምቢዮው ውስጥ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥርስ ጥርስን ይገፋል፣ ሁለቱ ዘንጎች ይሸሻሻሉ፣ ሳጥኑ በፀጉር ውፍረት ይከፈታል። ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። ሸማው ላይ ግን ይታያል።

«ሞተር ይፎክራል፣ ካምቢዮ ይዘምታል» ይሉ ነበር። «ፉከራውን ለክተህ ዘማቹን ካልለካህ፣ የላክኸው ለሞት ነው።»

መድኃኒቱም ሁልጊዜ አንድ አልነበረም። ለአንዱ ከፍ ካለ መኪና ካምቢዮ ያመጡለታል፤ ለሌላው ኩሽኔታውን አሳድገው ሳጥኑን በብረት ያጠብቁለታል፤ ለሌላው ደግሞ ሞተሩን ይቀንሱበታል። የተቀነሰበት ሰው ተቆጥቶ ይሄዳል፣ ከዓመት በኋላ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሥር ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ ከዚያ በኋላ ያጠፋሁትን ጥፋት ማጥፋቴ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ግርማ የሰፈሬ ልጅ፣ እኩያዬ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የምትሠራ አሮጌ ሚኒባስ ነበረችው። ቀልደኛ ነው፤ ዳገቱ ሲብስ «ወጣቶች ወርዳችሁ አግዙኝ፣ አሮጊቶች በጸሎት!» እያለ ይስቃል። ነገር ግን ሌሎቹ እያለፉት ሲሄዱ ሳቁ እያለቀ መጣ። በማርያም ዕለት እንጦጦ ማርያም ለመሳለም የሚወጡት እናቶች እንኳ የእሱን ትተው የኋላዋን መጠበቅ ጀመሩ። ትልቅ ሞተር ፈልጎ አገኘና ወደ ጋሽ ቱፋ አመጣው።

«ካምቢዮዋ አይችለውም» አሉት። «መጀመሪያ ካምቢዮ ፈልግ፣ ሞተሩ አይሸሽም።»

ግርማ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። በዚያ ሳምንት ጋሽ ቱፋ ዘመዳቸው ሞቶባቸው ለሁለት ሳምንት ሱሉልታ ሄዱ። ግርማ ደጄን ጠንቶ ለመነኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ልመናም አላስፈለገውም፤ ብቻዋን ሞተር ቀይራለች መባልን ፈልጌ ነበር።

ሞተሩን ጫንኩት። በመጀመሪያው ቀን ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቆም ብዬ ማሰብ ሲገባኝ ከአንድ የጭነት መኪና ጠንካራ ፍሪሲዮን አውርጄ ገጠምኩላት። ፔዳሉ ከመክበዱ የተነሳ ግርማ «ይቺ መኪና ናት ወይስ ጂምናስቲክ?» ብሎ ሳቀ። መንሸራተቱ ግን ቀጥ አለ። ሚኒባሷ እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። ሽሮ ሜዳ ሁሉ ስሜን አነሳ፤ ሹፌሮች ከሩቅ «ዘኑ ካምቢዮ!» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ካምቢዮውን ግን አልነካሁትም፣ ሸማም አላስነካሁትም።

ጋሽ ቱፋ የተመለሱት በማርያም ዋዜማ ነበር። ግርማ ሚኒባሷን ዘይት እንድቀይርላት ጋራዡ ውስጥ ትቷት ሄዷል። ዞር ዞር አሉባት፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡና ፍሪሲዮኑን ረገጡት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ፍሪሲዮኑን ምን አደረግሽው?»

«ይንሸራተት ነበር። አጠነከርኩት።»

«ካምቢዮውንስ?»

«ካምቢዮው ምንም አልሆነ። ድምፅ እንኳ የለውም።»

ወረዱና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። «ነገ ሰው እንዳይጫንባት። ጠዋት አብረን እንፈታታለን።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያደነቀውን ሥራ እንደ ተማሪ የቤት ሥራ ሊፈቱብኝ ነው ብዬ ሳርር አደርኩ።

ጠዋት ከእሳቸው ቀድሞ የደረሰው ግርማ ነው። «ዘኑ፣ ዛሬ ማርያም ናት፤ ሰዉ ሽሮ ሜዳ ሞልቷል፣ ቁልፉን ወዲህ በይ» አለኝ። «ጋሽ ቱፋ አትውጣ ብለዋል» ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። ቁልፉን ሰጠሁት። ደርሳ እንድትመለስና ሽማግሌው መሳሳታቸውን እንዲያዩ ፈልጌ ነበር።

የሆነውን የነገሩኝ ከውስጧ የወረዱት ናቸው። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ዳገቱ የሚብስበት ኩርባ ላይ ከፊት የነበረ መኪና ቆመ፤ ግርማም ቆመ። በአንደኛ ማርሽ ሊነሳ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ከሥራቸው እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ጮኸ። የካምቢዮው ዘንግ ተቆርጦ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይሰማም፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ማለት ጀመረች። የእጅ ፍሬኗ ያለቀ ነበር። ግርማ ፍሬኑ ላይ በሙሉ ክብደቱ ቆሞ «ውረዱ፣ አትጋፉ፣ ቀስ እያላችሁ ውረዱ!» እያለ ሁሉንም አወረዳቸው። የመጨረሻዋ እናት እግራቸው መሬት ሲነካ ፍሬኑ ከዳው። ሰዉ ከኋላ ስለነበረ መሪውን ወደ ባሕር ዛፎቹ ጠመዘዘው። ዛፉ የሹፌሩን በር መታው። የግርማ ግራ እግር ከጉልበቱ ተሰበረ።

ትራፊክ ፖሊሱ ጋራዥ ድረስ መጣ። «ማን ነው የሠራት?» አለ።

እኔ አፌን ስከፍት ጋሽ ቱፋ ቀደሙኝ። «ከእኔ ጋራዥ ነው የወጣችው» አሉ።

«አባባ፣ የሠራው ሰው ማን ነው ነው የምልዎት።»

«የእኔ ጋራዥ ነው ብያለሁ እኮ።»

በዚያ ቀን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ካምቢዮው ከመኪናዋ ወርዶ ሲመጣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ እኔንም አስታጠቡኝ፣ ከፍተው ስብርባሪውን ነጭ ሸማ ላይ ደረደሩት።

«ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተት ምን እያለሽ ነበር?»

«አቅም አነሰኝ እያለኝ...»

«አይደለም። ‹ይህን ሁሉ ለታችኛው አላቀብልም› እያለሽ ነበር። ማጉረምረም ሥራው ነው፤ እሱ ሲንሸራተት ጥርሱ ይተርፋል። አንቺ አፉን ዘጋሽው።»

ናታን፣ ላንተ ያጣሁልህ መልስ ይኸው ነው።

ለአሥር ቀን ሥራ አልገባሁም። ከዚያ ግርማን ልጠይቅ ቤቱ ሄድኩ። እግሩ በጄሶ ታስሮ ተጋድሟል። ጋሽ ቱፋ አትውጣ ብለው እንደነበር፣ እኔም እያወቅሁ ቁልፉን እንደሰጠሁት ነገርኩት። ዓይኑን ከእኔ ወደ ጣራው አዞረ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ አልወጣም ነበር?» አለ። «እንጃ። እወጣ ነበር መሰለኝ። ግን ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።»

«ይገባኝ ነበር።»

«ጉልበቱ ከእንግዲህ አይታጠፍም ብለውኛል። ከመንዳት ሌላ ምንም አላውቅም፣ ዘኑ። ፍሪሲዮን የምረግጠው በምኔ ነው?»

ጥያቄውን ይዤ በቀጥታ ጋራዥ ገባሁና ለጋሽ ቱፋ ቃል በቃል ደገምኩላቸው። «በእጁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ወሮች ከሕይወቴ ሁሉ አብልጬ የሠራሁባቸው ናቸው። ግርማ ፍሪሲዮኑን በግራ እጁ ስቦ የሚያላቅቅበት ዘንግ ከወንበሩ አጠገብ አቆምን። ይህ ቀላሉ ነው። ፍሪሲዮን ጠንካራ ከሆነ ግን እጅ አይስበውም፤ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጉልበት አያስተላልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ መጀመር አልተቻለም። ጋሽ ቱፋ ግርማን በክራንቹ አስመጡና ከግድግዳ ጋር የታሰረ የጥጥ መመዘኛ ሚዛን አስያዙት። «ሳብ፣ ልቀቅ» ይሉታል። ይስባል፣ ይለቃል። ሥራ በሚበዛበት ቀን ሙሉውን ቀን የሚስበውን ያህል አሳቡት፤ ላቡ ጠብ ሲል እንኳ አላቆሙም። እኔ በመጀመሪያ የሳበውን ጽፌ ነበር፣ አስሰረዙኝ።

«ትኩስ ሆኖ የሚስበውን አይደለም፣ ደክሞት የሚስበውን ጻፊ» አሉኝ። «ዳገቱ ሰው ደክሞት እንደሆነ አይጠይቅም።»

ያቺ ቁጥር የሁሉ ነገር መነሻ ሆነች። ያንን ያህል የሚከብድ ፍሪሲዮን መረጥን። ፍሪሲዮኑ ከሚያስተላልፈው በላይ የሚችል ካምቢዮ ከአንዲት አነስተኛ የጭነት መኪና አገኘን፤ ሁልጊዜ ጥርሱ ሳይጎዳ በፊት ፍሪሲዮኑ እንዲንሸራተት ማለት ነው። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ማርሽ ለዳገት እንዲቀል አድርገን ቀየርነው። ያ ትልቅ ሞተር ደግሞ ከተወሰነ በላይ እንዳይከፈት ቤንዚን መስጫው ላይ ማገጃ ቡሎን አሰርንበት። ትልቅ ሞተር ቀስ ብሎ ሲሠራ ብዙ ይኖራል። ግርማ ቡሎኑን ሲያይ አጉረመረመ።

«ሜዳ ላይ ኤሊ አደረጋችኋት እኮ!»

«አንተ የምትሠራው ሜዳ ላይ ነው?» አሉት ጋሽ ቱፋ።

በእጅ ፍሪሲዮን ለመንዳት ስለሚጠየቀው የፈቃድ ወረቀት ባላወራ ይሻላል፤ ከካምቢዮው በላይ ያደከመን እሱ ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ በተሳፋሪ ፈንታ የአሸዋ ከረጢት ጭነን እንጦጦን ወጣን፣ ወረድን፣ ደግመን ወጣን። ያቺ ኩርባ ላይ ሆን ብለን እያቆምን ከዜሮ አስነሳናት። በየማታው ዘይቷን ሸማ ላይ አፈሰስን። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ብርማ ብናኝ ነበር፣ አዲስ የተጋጠመ ጥርስ ሲለማመድ እንደሚሆነው። በሦስተኛው ሳምንት ሸማው ላይ ከዘይት በቀር ምንም አልነበረም። ጋሽ ቱፋ ወደ ብርሃን ይዘውት ወጡና ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ «ደግ ሥራ ነው» አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማርና አብረን በሠራንበት ሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያሉኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቀረው ተሳፋሪው ነበር። በማርያም ዕለት ግርማ ሚኒባሷን ሽሮ ሜዳ ተራው ላይ አቆመ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ነጠላ የለበሱ እናቶች ቆመው ይጠብቃሉ። አዩዋት፣ አወቋት። አንዷ ለሌላዋ በጆሮ ነገረች፣ ማንም ወደ በሩ አልቀረበም። ከኋላ የመጣችው ሚኒባስ ሞልታ ሄደች፣ ሁለተኛዋም ሄደች። ግርማ እንደ ድሮው ሊቀልድ ሞክሮ አቃተው። እጁ ከዚያ ከሠራነው ዘንግ ላይ አልተነሳም። እንደዚያ ቀን አፍሬም ፈርቼም አላውቅም፤ ሰው ካልገባባት ያ ሁሉ ሥራ የብረት ክምር ነበር፣ ግርማም ሌላ ሥራ የለውም።

በመጨረሻ አንዲት እናት ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ መጡ። በአደጋው ቀን ከሁሉ በኋላ የወረዱት እሳቸው ነበሩ።

«ተሻለህ ልጄ?»

«ተሽሎኛል እማማ። ይግቡ።»

«ማን ነው የሠራልህ?»

ግርማ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። እናትዬው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ያኔ የሰበረችው ናት የሚሏት?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ግርማ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጎ መለሰ።

«አዎ እማማ፣ የሰበረችው ናት። የት ላይ እንደሚሰበር ከእሷ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው ለእሷ የሰጠኋት።»

እናትዬው ምርኩዛቸውን አስቀድመው ገቡና ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጡ። ሌሎቹ ተከተሏቸው። እኔ ሙሉ እስክትሆን ውጭ ቆሜ ነበር፤ ልትንቀሳቀስ ስትል እናትዬው ነጠላቸውን ሰብስበው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ እንጂ» አሉኝ።

ገባሁ።